ለማትሪክ ያስጠናኋት ልጅ

ከልጅቷ ጋር አንድ ግቢ ነበርን። ካዛንቺስ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ በምትገባ ድንጋያማ ቅያስ ላይ፣ አምስት ቤተሰብ የሚኖርበት የቀበሌ ግቢ ነው። እኔና አባቴ በሩ አጠገብ ያለችውን አንድ ክፍል ከነጓዳዋ ይዘናል። ልጅቷ ከእናቷና ከታናሽ እህቷ ጋር ከቧንቧው ጀርባ ትኖራለች። አባታቸው ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ ነው የሞተው። እናትየው በልጅነቷ ከጉራጌ አገር መጥታ ካዛንቺስ ያደገች፣ መስቀል ፍላወር አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል አንሶላ እያጠበች ካውያ የምታደርግ ሴት ነበረች። እጇ ከክርኗ በላይ ያለው ቀይ ነው፤ ከክርኗ በታች ያለው ግን በሳሙናና በእንፋሎት ብዛት የሌላ ሰው እጅ ይመስላል።

እኔ በመንግሥት ትምህርት ቤት ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምር ነበር። በግቢው ውስጥ ዲፕሎማ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። ደብዳቤ ሲመጣ የማነበው፣ የቀበሌ ማመልከቻ የምጽፈው፣ የመድኃኒት ወረቀት የምተረጉመው እኔ ነኝ። ስለዚህ ልጅቷ አሥረኛ ክፍል የገባች ጊዜ እናቷ ወደ እኔ መምጣቷ አላስገረመኝም።

በዚያ ዘመን ሁሉን የሚቆርጠው አሥረኛ ክፍል ላይ የሚሰጠው ፈተና ነበር። ያለፈ መሰናዶ ይገባና ወደ ዩኒቨርሲቲ መንገዱን ይጀምራል። ያላለፈ ቴክኒክና ሙያ ይመደባል፤ ካልሆነም ቤቱ ይቀመጣል። ፈተናው አዲስ ቢሆንም ሰዉ በድሮው ስም ማትሪክ ነበር የሚለው።

እናትየው መስከረም ላይ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነጠላዋን እንደለበሰች በራችን ላይ ቆመች። ግቢ ብላት እምቢ አለች።

«ቲቸር፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» አለችኝ። «ስታጠና አያታለሁ፤ ምን እንደምታጠና ግን አላውቅም። አንቺ እያለሽልኝ የሌላ ሰው ደጅ አልጠናም። እንደ ታናሽ እህትሽ ያዥልኝ።»

«እኔ እኮ የማስተምረው ስምንተኛን ነው» አልኳት።

«ታዲያ ስምንተኛን ያወቀ አሥረኛ ምን ይለዋል? ሁለት ፎቅ ብቻ ነው እኮ የሚቀረው።»

ሳቅንና በዚያው እሺ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኛል። ትምህርት ቤት ውስጥ በአንድ ክፍል ሰማንያ ልጅ ነበር የማስተምረው፤ ከኋላ የተቀመጡትን በስማቸው እንኳ አላውቃቸውም። አንዲት ልጅ ለብቻዋ ይዤ ከታች እስከ ላይ ላደርሳት እችላለሁ ብዬ አሰብኩ።

ልጅቷ ቅጥን ያለች፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር፣ ከሁለት ቃል አንዱ «በቃ» የሆነ ልጅ ነበረች። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ትመጣለች። እርሳሷን በምላጭ ትቀርጽና ቅራፊውን ወለሉ ላይ እንዳይፈስ በክብሪት ቤት ውስጥ ታጠራቅመዋለች። ጠረጴዛችን አንድ ስለነበረ አባቴ የቁርስ ሳህናቸውን ይዘው ወደ በረንዳው ይወጡልናል። ዕድሜያቸውን ሙሉ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆነው የሠሩ ሰው ናቸው። ከጡረታ ወዲህ ሥራቸው ከመስኮቱ ሥር ተቀምጠው ጋዜጣ ማንበብና የሰው ወሬ መስማት ነበር።

መጀመሪያ ላይ ከመጽሐፉ ጀመርን። አልሄደልንም። እሷ ምዕራፉን ገና ሳንጨርሰው ትደክማለች፤ እኔም እውነቱን ልናገርና አንዳንዱን ርዕስ ከእሷ በአንድ ቀን ቀድሜ ነበር የማነበው። ከዚያ አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ ልጆቿ ሁሉ ማትሪክ ያለፉላት፣ ምስጢሩን ነገረችኝ። «መጽሐፉን ተዪው። የድሮ ጥያቄ አሠሪያት። የሚመጣው እዚያው በዚያው ነው።»

ኦሎምፒያ አካባቢ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለፉትን ዓመታት ፈተናዎች ጠርዞ ይሸጥ ነበር። ሄጄ የስድስት ዓመቱን የሒሳብ ፈተና ገዛሁ። ኮፒው የኮፒ ኮፒ ስለሆነ አንዳንዱ ገጽ ላይ ፊደሉ ጉንዳን የሄደበት ይመስላል። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ሥራችን ይኸው ሆነ። አንድ ፈተና እሰጣታለሁ፣ ሰዓት ይዤ አሠራታለሁ፣ አርማለሁ፣ የሳተችውን ሰሌዳ ስለሌለን በካርቶን ላይ አስረዳታለሁ። በሚቀጥለው ወር ያንኑ ፈተና ደግሜ እሰጣታለሁ።

መጀመሪያ ከስልሳ አሥራ ስምንት አገኘች። ኅዳር ላይ ሠላሳ ገባች። ከገና በኋላ አርባ አራት። ጥር ሲያልቅ ሃምሳ ሁለት። ውጤቷን በቁም ሳጥኑ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ በእርሳስ እጽፍ ነበር። እናቷ ከሥራ ስትመለስ ጎራ ትልና በሩን ከፍታ ታየዋለች። ቁጥር ማንበብ ትችላለች። ጣቷን ከላይ ወደ ታች እያስኬደች ትስቃለች፤ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች።

አንድ ቅዳሜ ልጅቷ ከሄደች በኋላ አባቴ ሳህናቸውን ይዘው ገቡና፣ «ይቺ ልጅ ታነበንባለች እንጂ አታነብም» አሉኝ።

«ምን ማለትዎ ነው አባዬ?»

«እዚያ ተቀምጬ እሰማታለሁ። ጥያቄው ሳያልቅ ነው የምትመልሰው። እኛ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለ ምስክር ሲመጣ ዳኛው ይጠረጥር ነበር።»

ተቆጣኋቸው። ፈጣን ስለሆነች ነው አልኳቸው። ወደ ጋዜጣቸው ተመለሱ።

የካቲት ላይ እናትየው ለምክር መጣች። በዚህ ጊዜ ገብታ ተቀመጠች፤ ልጅቷም አብራት ነበረች። ሆቴሉ ከሥሩ ኬክ ቤት ሊከፍት ነው። የእናትየው አለቃ የሆነችው ሴትዮ ልጅቷን በዓል በዓል ስትመጣ አይታታለች፤ ፍጥነቷንም ወዳዋለች። ካሸር ትሁንልኝ፣ እኔ አሠለጥናታለሁ፣ ትምህርቷን በማታ ትቀጥል ብላለች። መልሱን በሳምንት ውስጥ ትፈልጋለች።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች እናትየው። «ሥራው ጥሩ ነው፤ ተቀምጦ ነው የሚሠራው። ውሃ አይነካም። ግን ትምህርቷ እንዲህ እየሄደ...»

አሁን ሳስበው ያኔ ዝም ማለት እችል ነበር። እናንተ ወስኑ ማለትም እችል ነበር። እኔ ግን ተነሥቼ የቁም ሳጥኑን በር ከፈትኩ።

«ይሄን እያየሽ ነው ካሸር የምታደርጊያት? ሃምሳ ሁለት ያመጣች ልጅ? ይቺ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ነው የምትገባው። ኬክ ቤቱ የትም አይሄድም።»

እናትየው ወደ ልጅቷ ዞረች። «አንቺስ?»

ልጅቷ ወለሉን እያየች፣ «ቲቸር ካለች በቃ» አለች።

ቦታውን ለሌላ ሰው ሰጡት።

ግንቦት እንደገባ ከፈተናው በፊት አንድ የመጨረሻ ልምምድ ላድርግላት ብዬ አሰብኩ። ኮፒዎቹ በጣም ስላረጁ አንዱን ፈተና የትምህርት ቤታችን ጸሐፊ እንደ አዲስ እንድትጽፍልኝ ለመንኳት። ለጸሐፊዋ ስሰጣት ቁጥሮቹን እዚህም እዚያም ቀየርኳቸው፤ ምርጫዎቹንም አዘዋወርኳቸው። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። አዲስ ይምሰላት ብዬ ነው።

ልጅቷ የሁለት ሰዓቱን ፈተና በግማሽ ሰዓት ጨርሳ እርሳሷን አስቀመጠች። ደስ ብሏታል፤ እግሯን ከወንበሩ ሥር ታወዛውዛለች። ማረም ጀመርኩ። አንደኛው ስህተት ነው። ሁለተኛው ስህተት ነው። ሦስተኛው ልክ። ከዚያ ስድስት ተከታታይ ስህተት። መልሱን የጻፍኩበት ወረቀት የተሳሳተ መስሎኝ አንድ በአንድ ራሴ ደግሜ ሠራሁት። ልክ ነው። ከስልሳ አሥራ አራት አገኘች።

«አርባ አንድ ቁጥር እንዴት ሲ ሆነ?» አልኳት።

«ሲ ነዋ ቲቸር።»

«እንዴት አድርገሽ ሠራሽው?»

ግራ ገብቷት አየችኝ። «የዚህኛው ዓመት ፈተና አርባ አንድ ቁጥር ሁሌም ሲ ነው።»

«ጥያቄው ምን ይላል?»

ወረቀቱን ሳበችና እንግሊዝኛውን ጮክ ብላ አነበበችው፤ ቃላቱን አንድም ሳትስት።

«እሺ፣ ምን ማለት ነው?»

ወረቀቱን ወደ እኔ መልሳ ገፋችው። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳብንም ሳይንስንም በእንግሊዝኛ ነው የተማረችው። እንደ እኔ ያለው አስተማሪ ደግሞ እንግሊዝኛውን ሰሌዳ ላይ ይጽፍና በአማርኛ ያስረዳል፤ ልጆቹም እንግሊዝኛውን እንደ ሥዕል ይገለብጡታል።

ወረቀቱን ገልብጬ አስቀመጥኩትና በአማርኛ ጠየቅኳት። «ሦስት ሠራተኛ አንድ አጥር በስድስት ቀን ያጥራል። ዘጠኝ ሠራተኛ በስንት ቀን ያጥረዋል?»

«በሁለት» አለች ሳትቆይ። «ዘጠኙ ሰዎች ካልተጨቃጨቁ ማለቴ ነው።»

አርባ አንድ ቁጥር ይህ ነበር። በወረቀቱ ላይ የሳተችው ይህንኑ ነው። ሌላ ጠየቅኳት፤ መለሰች። ሦስተኛም፣ አራተኛም። በአማርኛ ስጠይቃት ከክፍሌ ልጆች ሁሉ ትበልጣለች። ከመስከረም እስከ ግንቦት ድረስ አንድም ቀን እንዲህ ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

ከዚያ ደብተሯን አወጣች። ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ገጽ አላት። ገጹ ላይ ተራ ቁጥርና አንድ ፊደል፣ ተራ ቁጥርና አንድ ፊደል ብቻ ነው ያለው። ስድስት ዓመት፣ ስልሳ ስልሳ ጥያቄ፣ ሁሉንም በቃሏ ይዛዋለች። ይህን ሁሉ ለመያዝ የፈጀባትን ድካም አስቤ ራሴን ያዝኩ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምኑን?» አለች። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። «ስታርሚው አንቺ እኮ ደስ ይልሽ ነበር።»

አባቴ በረንዳው ላይ ነበሩ። ሁሉን ሰምተዋል። ገብተው ለልጅቷ ውሃ ቀድተው ሰጧትና ተመልሰው ወጡ። ምነው በተናገሩኝ ብዬ ተመኘሁ።

ፈተናው ሊደርስ የቀረው ሦስት ሳምንት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስንመለስ እንቀመጥ ጀመር። ሒሳቡን ትቼ ቃላቱን ላስይዛት ሞከርኩ። ጥያቄ ውስጥ የሚደጋገሙትን ሁለት መቶ ያህል ቃላት ከነትርጉማቸው ጻፍኩላት። ያዘቻቸው። መያዝ እኮ ትችልበታለች። ነገር ግን ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገቡ ቃላቱ ይበታተኑባታል። «ቢያንስ» የሚለውንና «ቢበዛ» የሚለውን ታምታታለች፤ አንድ ቃል በሳተች ቁጥር መልሱ ሁሉ ይገለበጣል። በሁለተኛው ሳምንት ላይ የባሰው መጣ። በፊት የነበራት ልበ ሙሉነት ጠፋ። በአማርኛ ስጠይቃትም ትፈራ ጀመር። ሁለት ቀን የሚለውን መልስ እንደ ቀልድ ትሰጠኝ የነበረችው ልጅ፣ «ሁለት... ነው እንዴ ቲቸር?» ትለኛለች። የነበራትን የሐሰት ድፍረት ወስጄባት በምትኩ የሰጠኋት ነገር የለም።

ለእናቷ አልነገርኳትም። ልጅቷም አልነገረቻትም። እናትየው በእነዚያ ሳምንታት የጾም ወቅት ባይሆንም ለልጅቷ ብላ ትጾም ነበር። ከሥራ ስትመለስ የቁም ሳጥኑን በር ከፍታ ታያለች። አሥራ አራትን አልጻፍኩትም። የመጨረሻው ቁጥር ሃምሳ አምስት ነበር።

የፈተናው ዕለት ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ሸኘኋት። የፈተና ካርዷን በፕላስቲክ ሸፍና ደረቷ ላይ ይዛዋለች፤ ፎቶው ላይ ፀጉሯ ተስሎ የተለጠፈ ይመስላል። በሩ ላይ በመቶ የሚቆጠር ልጅ ነበር፤ እርስ በእርስ እየተጠያየቁ ይጯጯሃሉ። እሷ ከማንም ጋር አላወራችም። ሊገቡ ሲሉ ዞር አለችና፣ «ቲቸር፣ የማላውቀውን ባዶ ልተወው ወይስ ላጥቁረው?» አለችኝ።

«አጥቁሪው» አልኳት። «ባዶ አትተዪ።»

የሒሳቡን ፈተና ጨርሳ ስትወጣ ቆሜ ጠበቅኳት። ከሩቅ አየችኝና አቅጣጫዋን ሳትቀይር፣ ሳትፈጥንም ሳትዘገይም መጣች። «ሲ አበዛሁ» አለችኝ። በእግራችን እስከ ቤት ሄድን።

ክረምቱ ረጅም ነበር። ቅያሳችን በጭቃ ተሞልቶ በድንጋይ ላይ እየዘለልን ነበር የምንወጣው። እናትየው ስታገኘኝ ስለ ውጤት አትጠይቀኝም፤ ስለ ዝናቡ ነው የምታወራው።

ውጤቱ የወጣው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። ልጅቷ ጠዋት ሄዳ ወረቀቱን ተቀበለች፤ ከሰዓት በኋላ እናቷ ይዛው መጣች። በዚህ ጊዜም በሩ ላይ ቆመች። ወረቀቱ ከዝናብ እንዳይርስ በሆቴሉ የልብስ ፕላስቲክ ጠቅልላዋለች።

«አንብቢልኝ» አለች።

አማርኛ ኤ ነበር። የሥነ ዜጋው ሲ። እንግሊዝኛ ኤፍ። ሒሳብ ኤፍ። ሌላውን አነበብኩላት፤ አማካዩን አነበብኩላት። ለመሰናዶ ከሚያስፈልገው በብዙ ያንሳል።

«ሒሳቡ የትኛው ነው?»

በጣቴ አሳየኋት። ፊደሏን ረጅም ጊዜ ተመለከተቻት።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። «ቀደም ብዬ አውቄ ነበር። ግንቦት ላይ። አልነገርኩሽም።»

«አውቄያለሁ» አለች።

«እሷ ነግራሽ ነው?»

«እሷ ምን ትናገራለች። ፊትሽ ላይ ነው ያየሁት። ሁልጊዜ በሩን ስከፍት አጠገቤ ትቆሚ ነበር፤ ከግንቦት ወዲህ ጓዳ መግባት ጀመርሽ።» ወረቀቱን በጥንቃቄ አጣጥፋ ወደ ፕላስቲኩ መለሰችው። «ሰኔ ላይ ለዚያች ሴትዮ ተናግሬ ነበር፤ ለኬክ ቤቱ ማለት ነው። ሰው ገብቶበታል አለችኝ። ሠራተኛዋም ጎበዝ ናት፤ አያታለሁ።»

አልወቀሰችኝም። ከዚያም በኋላ አልወቀሰችኝም። ስለ ድካሜ አመስግናኝ ሄደች።

ልጅቷ ቴክኒክና ሙያ ተመደበች። ሒሳብ አያያዝ ፈልጋ ነበር። ውጤቷ ስለማይፈቅድ የቀረው ግንበኝነት ነው አሏት። በዚያን ጊዜ ከተማው በሙሉ ይገነባ ስለነበረ ሥራ አታጪም ብለው አጽናኗት። ስምንት ወር ያህል ተማረች። ከዚያ አቋርጣ ኮንዶሚኒየም ሳይት ላይ የቀን ሥራ ጀመረች። መጀመሪያ አሸዋ ታመላልስ ነበር፤ በኋላ ልስን ላይ አስገቧት። ማታ ማታ ስትመለስ ቅንድቧ ላይ ሲሚንቶ ይዛ ትመጣለች። ቧንቧው ጋ ስንገናኝ «እንደምን ዋልሽ» ትለኛለች። ቲቸር ማለቱን ተወችው። መቼ እንደተወችው ልብ አላልኩም፤ አንድ ቀን ባልዲዬን እየሞላሁ ሳለሁ ነው ቲቸር ብላ ከጠራችኝ ብዙ ወር እንዳለፈ የተሰማኝ።

አንድ ቅዳሜ ግን አነጋገረችኝ። ልብስ እያጠበች ነበር። «ሳይት ላይ ሒሳብ አለ እኮ» አለችኝ። «አንድ ግድግዳ ስንት ጆንያ ሲሚንቶ እንደሚፈጅ ከፎርማኑ በፊት እኔ ነኝ የምናገረው።»

«ታዲያ ለምን አትነግሪያቸውም? ያሳድጉሽ ነበር» አልኳት።

«ነግሬያቸዋለሁ። ሳቁ፤ በቃ።»

ከሁለት ዓመት በኋላ ታናሽ እህቷ አሥረኛ ክፍል ገባች። እናትየው እንደገና መጣች። በዚያ ጊዜ አባቴ አርፈዋል፤ በረንዳው ላይ ማንም አይቀመጥም። ስታየኝ ምን ልትል እንደመጣች ስለገባኝ ቀድሜ ተናገርኩ።

«እኔ ጋ አታምጪያት። የመጀመሪያዋን ምን እንዳደረግኳት ታውቂያለሽ።»

«ታዲያ ወዴት ልውሰዳት?» አለች። ለመከራከር አልነበረም፤ የእውነት ጥያቄ ነበር። የት እንደሚኬድ ብነግራት ልትሄድ ተዘጋጅታ ቆማለች።

ገንዘብ ያለው ልጁን ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ እንግሊዝኛ በሚናገሩበት ትምህርት ቤት ያስገባል። የሌለው ደግሞ ያለው እኔን የመሰለ ሰው ብቻ ነው። ታናሽየዋን ተቀበልኳት። በዚህ ጊዜ የድሮ ጥያቄ አልሰጠኋትም። ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ምን ማለት ነው እያልኩ በየቃሉ አስቆምኳት። በአንድ ቅዳሜ ከአምስት ጥያቄ በላይ መሄድ አልቻልንም። እሷ ግን እንደ እህቷ ታጋሽ አልነበረችም። ጓደኞቿ የስድስት ዓመት ፈተና ጨርሰው እሷ እኔ ጋ አምስት ጥያቄ ላይ መቀመጧ አሳፈራት። ታኅሣሥ ላይ አንድ ቅዳሜ ቀረች፤ በሚቀጥለውም ቀረች። ስትመለስ እኔን ለመሰናበት ነበር።

«ኮፒ ቤቱ ጋ መልሱ ከነጥያቄው ይሸጣል፤ ገዝቻለሁ» አለችኝ። «በቃል ነው የምይዘው።»

እህትሽን ጠይቂያት አልኳት።

«ጠይቄያታለሁ። አንቺ ጋ ብማርም በቃሌ ብይዝም መጨረሻው ያው ነው፤ በቃል መያዙ ቢያንስ አያደክምም አለችኝ።»

አስቁሜ ልከራከራት ፈልጌ ነበር። መጽሐፏን ሰብስቤ ሰጠኋትና በሩ ድረስ ሸኘኋት።

እሷም አላለፈችም። በሚቀጥለው ዓመት የእኛ ግቢ ለልማት ይፈለጋል ተባለ። እነሱ ከከተማው ዳር ቤት ደረሳቸው፤ እኔ ሌላ ዳር ደረሰኝ። የሁላችንም ዕቃ የተጫነ ቀን ትልቋ ሥራ ላይ ነበረች፤ አልተሰናበትንም። እናትየው ቁም ሳጥኔን ከአንድ ወገን ይዛ ከበሩ ለማውጣት አገዘችኝ። ከባድ ነበር፤ ሁለት ጊዜ አሳረፍነው። በሁለተኛው ላይ ትንፋሿን እየሰበሰበች፣ አዲሱ ሰፈሬ ትምህርት ቤት እንዳለው ጠየቀችኝ። አለው አልኳት።

«እንግዲህ እዚያም ልጆች ይመጡብሻል» አለች፤ ከዚያ ወገቧን አስተካከለችና እንደገና አነሣነው።